በገዛ አፌ የመረቅሁት የጎልፍ ክለብ ክፍያ

ዛሬ ጧት በከተማችን የጎልፍ ክለብ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እነማን እንደነበሩ አስቀድሜ ልዘርዝር፤ ያለ እማኝ ብነግራችሁ አታምኑኝምና።

ሊቀ መንበራችን አቶ ታደለ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ። የክለቡ መሥራች ሰዒድ፣ ስምንት ዓመት በዓረብ አገር የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭድና ሲያጠጣ ኖሮ የተመለሰ። እህል ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘሃራ። ከወግዲ በሚኒባስ የሚመጣ አንድ የእንስሳት ሐኪም። ሁለት የባንክ ሠራተኞች። ሰባት የመንግሥት ሠራተኞች፤ አምስቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ወዳጄ ይማም፣ ጡረታ የወጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር። እና እኔ።

አሥራ አምስት ሰው። የዘበኛው በጎች ሳይቆጠሩ።

አዎን፣ ጎልፍ ብያለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ። ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃችኋለሁ።

ጨረሳችሁ? እኔ ግን ዛሬ መሳቅ አልቻልሁም። ተናድጃለሁ!

ይህን ገጽ ከከፈትሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንድ ቃል ጽፌበት አላውቅም። የሌላውን አነብባለሁ እንጂ ላይክ እንኳ አልጫንም። የምታውቁኝ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ለማታውቁኝ በአጭሩ፦ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁ። በሳምንቱ ደጎሎ ተዛወርሁ።

ጥያቄዋ ምን ነበረች? አልነግራችሁም። የደጎሎ ብርድ ይበቃኛል።

ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ያለኝ ተሳትፎ እጅ ማውጣት ብቻ ሆነ። ሌላው ሲያወጣ አወጣለሁ፤ ሌላው ሲያወርድ አወርዳለሁ። በዚህ ጥበብ እስከ ጡረታዬ በሰላም ደርሻለሁ።

ወደ ጎልፉ እንመለስ።

ሰዒድ ከዓረብ አገር ሲመለስ አንድ አሮጌ ፍሪጅና አሠሪዎቹ የጣሏቸውን ሠላሳ የጎልፍ ዱላዎች ይዞ መጣ። ከከተማው በላይ ያለውን፣ ድንጋዩ በዝቶ ማረሻ የማይገባበትን ተረተር ተከራየ። ሦስት ጉድጓድ ቆፈረ። በየጉድጓዱ አንዳንድ የድልህ ቆርቆሮ ቀበረ። ከተቀደደ ጃንጥላ ባንዲራ ሠርቶ ተከለ። «ሦስቱ መነሻ ናቸው፤ ዘጠኝ ይሆናሉ ኢንሻ አላህ» አለ። ክፍያው በወር አሥር ብር ነበር።

እኔና ይማም ቀድመን ተመዘገብን።

ሁለት ጡረተኞች ከጎልፍ ምን ያገኛሉ ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ከጎልፍ ምንም አያገኙም። ነገር ግን ሜዳው ገላጣ ነው! ሰው ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ሻይ ቤት ሦስተኛ ጆሮ አይጠፋም። ሚኒባስ ውስጥ ከጎንህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቅም። እዚያ ላይ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ኳስ ፍለጋ አጎንብሰው የልባቸውን ቢጨዋወቱ ማን ይሰማቸዋል?

የገባው ይግባው።

የይማም ዓይን በሞራ ተሸፍኗል። ዱላውን ሲሄድበት ከዘራው ነው፤ ሲቆም ይመታበታል። ኳሷ ስትወድቅ ያዳምጥና «ከሜዳው ወጥታ ገብሱ ውስጥ ገባች» ይለኛል። እኔ ሄጄ አመጣታለሁ። እኔ ዓይኑ ነኝ፤ እርሱ ጆሮዬ ነው። ወሬያችን ሲሞቅ ኮቴ ከሰማ ያስላል። እኔም ወዲያው ስለ ኳስ ማውራት እጀምራለሁ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። በዕድሜዬ ከሰው ጋር የተነጋገርሁት በአብዛኛው እዚያ ሜዳ ላይ ነው ብል አላጋነንሁም።

ከዚያ አቶ ታደለ ሊቀ መንበር ሆነ። ክፍያውም ማደግ ጀመረ።

አሥር የነበረው ሠላሳ ሆነ። ለምን? ለአራተኛው ጉድጓድ። አራተኛው ጉድጓድ የት አለ? እናንተ ካያችሁት ጠቁሙኝ!

ሠላሳው ስልሳ ሆነ። ለክለብ ሀውስ። ክለብ ሀውሱ አራት እንጨት፣ ስድስት ቆርቆሮ እና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ቆርቆሮው ከማን ሱቅ እንደተገዛ ገምቱ። አትገምቱ፤ ታውቁታላችሁ።

ኳሶቻችንን ቁራ ይወስዳቸዋል፤ ለዚህም «የኳስ መተኪያ» የሚባል ክፍያ ለብቻው አለ። ዘበኛ ተቀጥሮልናል፤ ዘበኛው የራሱን በጎች ሜዳችን ላይ ያሰማራል። «የክብር አባላት» የሚባሉም አሉ፤ ምንም አይከፍሉም፤ መጥተው ፎቶ ይነሣሉ። እነማን እንደሆኑ አልጽፍም። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርሁትን በአንድ ቀን አልረሳም።

ባለፈው ወር ወሬ ተሰማ፤ ክፍያው መቶ ሃምሳ ሊሆን ነው።

መቶ ሃምሳ ብር! ለሦስት የድልህ ቆርቆሮ!

ለእኔ ከባድ ነው፤ እችለዋለሁ። ለይማም ግን የመድኃኒቱ ዋጋ ነው። ያልከፈለ ከአባልነት ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሜዳውን አይረግጥም፤ ደንቡ እንግዳ አያስገባም። እንግዲህ ይማም ከሌለ እኔ እዚያ ከማን ጋር ልነጋገር ነው? ከበጎቹ ጋር?

እናም ቆረጥሁ። ልናገር!

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አራት ገጽ ንግግር ጻፍሁ። መግቢያ አለው፤ ሐተታ አለው፤ መደምደሚያ አለው። ከጉባኤው በፊት አባላቱን አንድ በአንድ አነጋገርሁ። ሁሉም ከእኔ ብሰው ተናደዱ። ወይዘሮ ዘሃራ እጄን ይዛ «ጋሼ፣ አንቱ ብቻ ብድግ በሉ፤ እኛ ከኋላ ነን ወላሂ!» አለችኝ።

ከኋላ መሆናቸው እውነት ነበር። ዛሬ ክለብ ሀውሱ ጥላ ሥር ሁሉም የኋላውን ቦታ ይዘው አገኘኋቸው።

አሁን ወደ ውርደቴ ደርሰናል። ለማታውቁት አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትም። ክርስቲያኑም እስላሙም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። የመረቀው ሽማግሌ ደግሞ ከዚያ በኋላ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ ነውር ነው። በመረቀበት አፍ መልሶ አይሟገትም።

ይህን እኔ አላውቅም? ለስንት ትውልድ ያስተማርሁት እኔ ነኝ!

አቶ ታደለ ተነሣ። አጀንዳ አላነበበም። ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ ማን ይመርቃል? የእርስዎን የመሰለ አንደበት የት ይገኛል? ለዛሬው ውሳኔያችን ይመርቁልን» አለ።

አንደበት!

አሥራ ሁለት ዓመት ስለ አንደበቴ የጠየቀኝ ሰው የለም። ልቤ እንደ ቅቤ ቀለጠ። አራቱን ገጾች ኪሴ ውስጥ ረሳኋቸው። ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እናንተዬ፣ መረቅሁ!

«ያሰባችሁት ይሙላ!» አልሁ። አሚን! «የዛሬ ውሳኔያችሁ እንደ ዓለት ይጽና!» አሚን! «አንድ ያላችሁት ሁለት አይሁንባችሁ!» አሚን! ሞቅ ሲለኝ ጨመርሁበት፤ «በሐሳባችሁ ፊት የሚቆም ክፉ እግሩ ይሰበር! አንደበቱ ይታሰር!»

አሚን! ከሁሉም ጮኾ አሚን ያለው ይማም ነበር፤ ምስኪን።

ተቀመጥሁ። እውነቱን ልናገርና በራሴ ኮራሁ።

ያኔ አቶ ታደለ ወረቀቱን አወጣ። «ክለባችን ደረጃውን የጠበቀ እንዲሆን ወርኃዊ ክፍያው መቶ ሃምሳ ብር እንዲሆን ኮሚቴው ወስኗል። ጋሼ መርቀውታል፤ እኛም አሚን ብለናል። የሚቃወም አለ?»

ከኋላ አንድም ድምፅ አልተሰማም። አንደበቱ ይታሰር ብያለኋ!

እጄን እስከ ግማሽ አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ከምርቃት በኋላ ክርክር?» አለኝ፤ እንዲያው ለኔው ክብር ያዘነ መስሎ። «ይህ እኮ ልማት ነው። ልማትን የሚቃወም ምን እንደሚባል ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። እጄ ወረደ። የለመደ እጅ ነው፤ መውረድ አያስተምሩትም።

ሰዒድ መሬት መሬት ያያል። የባንኮቹ ሠራተኞች ስልካቸውን ይነካካሉ። ወይዘሮ ዘሃራ የራስ መጠቅለያዋን ከአንድም ሰባት ጊዜ አስተካከለች።

ይማም ተነሣ። በዱላው መንገዱን እየዳበሰ እስከ ሰዒድ ድረስ ሄደ። በሁለት እጁ አቀረበለት። «ከእንግዲህ አልችልም፤ የክለቡ ነው፤ ተረከበኝ። አላህ ያብዛላችሁ» አለ።

«ጋሼ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ ወላሂ እኔ እንዲህ እንዲሆን...» አለ ሰዒድ። ዱላውን ግን ተቀበለው።

ይማም ባዶ እጁን ቆመ። ከዘራም የለው፤ ዱላም የለው።

እኔ ያኔ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። አራቱን ገጾች አላወጣሁም። መግቢያ አልነበረውም፤ ሐተታ አልነበረውም። ብድግ አልሁና ከሆዴ ጮኽሁ፦

«ምርቃቴን አንሥቻለሁ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በጎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ።

ለማታውቁት ደግሜ ላስረዳ። ምርቃት ይሰጣል እንጂ አይነሣም። ሽማግሌ ምርቃቱን ካነሣ ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው ብሎ ሕዝቡ ያምናል፤ እርግማን። የሚረግም ሽማግሌ ፊት ደግሞ ማንም ቆሞ አይጠብቅም።

እኔ ልረግም አላሰብሁም! ስለ ጉድጓዶቹ ብዛት ልናገር ነበር!

«ኧረ በአላህ ጋሼ! ልጆች አሉኝ!» ብላ ወይዘሮ ዘሃራ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደች። ጸሐፊያችን ሐኪሙ ቃለ ጉባኤውን ጥሎ ሮጠ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በክፍል ውስጥ ተነሡ ሲባሉ እንኳ እየተጎተቱ የሚነሡት፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ እንዲያ የሚሮጡ አይመስለኝም ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ!» እያለ ሰዒድ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደ።

ከሁሉ የቀደመው ግን አቶ ታደለ ነው። ባለፈው ወር «ጎጂ ልማዳዊ እምነቶችን እንታገል» ብሎ ግማሽ ቀን ያስረዳን አቶ ታደለ!

ውሳኔው ጸደቀ ወይስ ወደቀ? ማንም አያውቅም። ቃለ ጉባኤውን በግ እያኘከው ደረስሁበት።

ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ወደ ይማም ዞርሁ።

ይማም ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ ቆሟል።

«አሚን ብዬበት ነበር እኮ!» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ከልቤ አሚን ያልሁበትን ከአፌ ትነጥቀኛለህ? ለአንድ ሜዳ ብለህ?»

«ለአንተ ብዬ ነው» አልሁት።

«እኔ ምን ሆንሁ አልሁህ? በረንዳዬ ላይ እንቀመጥ ነበር።»

«በረንዳህ ላይ መነጋገር አይቻልም፤ ጎረቤትህን ታውቀዋለህ።»

«ዝም ብለን እንቀመጣለና! አንተ ሰው ዝም ማለት መቼ ጠፍቶህ ያውቃል? ዛሬ ነው የጠፋህ? ደግሞ ከተናገርህ ላይቀር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኸው ቃል ይህ ነው?»

ወዳጆቼ፣ በዚህ ላይ መልስ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። 

ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁልቁል መራመድ ጀመረ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ዱላውን መልሷል፤ ዓይኑ አያይም።

ቆመ።

ፊቱን አላዞረም። አልጠራኝም። ግን ቀኝ እጁን ትንሽ ወደ ጎን ከፈት አደረገ፤ ሁልጊዜ ትከሻዬን የሚይዝባትን እጅ።

ሄጄ ትከሻዬን ሥሯ አስገባሁ። ከተማ እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።  ያን ሁሉ ገላጣ ሜዳ፣ አንድም ጆሮ በሌለበት፣ ዝም ብለን ወረድነው!

ክፍያው ዋጋ ያወጣል ወይ ለምትሉኝ፣ አሥር ብር ሳለ ያወጣ ነበር። ከዚያ በላይ የከፈልሁት ግን የራሴን ዝምታ ዋጋ ነው፤ በጊዜው አፌን ብከፍት ኖሮ ሠላሳው ላይ በቆመ ነበር። የሚመርቅ ሰው ለምን እንደሚመርቅ አስቀድሞ ይጠይቅ። ይህን ለመማር ስልሳ ስምንት ዓመት የፈጀበት አስተማሪ ከእኔ ሌላ አይታችኋል?

በጉባኤው ላይ አሥራ አምስት ነበርን ብያችኋለሁ። መጨረሻ ላይ የቀረነው ሁለት ነን።

አንዱ አኩርፎኛል።