ምክትል ያላት ሀዘንተኛ

ዛሬ ዛሬ «ልጅሽ ምን ትማራለች?» ሲባል ሰው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። ጠያቂውም የገባው ይመስል አናቱን ይነቀንቃል። ሁለቱም ሳይግባቡ በሰላም ይለያያሉ። እሰየው ነው። በእኛ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ሽሽት አልነበረም። የጠየቀ ሰው እስኪገባው አይለቅም። አንዳንዱ ደግሞ ከገባው በኋላም አይለቅም።

አንዳንዱ ያልኩት ለይሉኝታ ነው እንጂ ለተብርሃንን ማለቴ ነው።

ለተብርሃን ጎረቤቴ ናት። ከአዲግራት መጥታ እኛ አጥር ሥር ቤት የሠራች፣ እጇ ባለሙያ፣ ምላሷ ከእጇ የባሰ ባለሙያ። አጥራችን አንድ ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ እሷ የእኔን ድስት ታያለች፣ እኔ የእሷን። እሷ ግን እኔን «አሰገደች፣ ምላስሽ ረዘመ» ትለኛለች። ይታያችሁ እስቲ!

ሰፈራችን ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ ነው። አሁን መስታወት በመስታወት የሆነውን አትዩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ከጓሯችን ጀምሮ ሜዳ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ቡልቡላ ያኔ ጤፍ የሚታጨድበት አገር ነው፤ ፎቅ አያውቅም። መገናኛ የምንሄደው በውይይት ታክሲ ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን። ስሙን ያወጣለት ሰው ይባረክ። መገናኛ እስክንደርስ የሰፈሩ ጉዳይ ተወያይተንበት፣ ፍርድ ሰጥተንበት ያልቅ ነበር። አሁን ሰው ታክሲ ውስጥ ስልኩን ነው የሚያየው። ማን አግብቶ ማን እንደፈታ በምን ይታወቅ?

ልጄ ምንትዋብ ማትሪክ ያለፈችው በዚያን ጊዜ ነው። እኔ ችኩል ነኝና «ዶክተር ትሆናለች» ብዬ አስቀድሜ አውጄያለሁ። ዩኒቨርሲቲው ሲመድባት ግን ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን የሚባል ቦታ መደባት።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት።

«የንግድ ሥራ አመራር ነው፣ እማዬ።»

«አራት ዓመት ለንግድ? መርካቶ ያሉት ሁሉ ስንት ዓመት ተማሩ?»

ባለቤቴ በላቸው ሳቀ። በላቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጎትተውን መኪና ይነዳ ነበር። አውሮፕላን በራሳችን ላይ ባለፈ ቁጥር «የእኔ እንግዶች መጡ» የሚል ሰው። «ተያት፣ ልጅቷ ትማር» አለ። ተውኳት። ለተብርሃን ግን አልተወችኝም። የእሷ ልጅ ኢንጂነሪንግ ገብቷል።

«የእኔ ልጅ ድልድይ ይሠራል» አለችኝ በቆርቆሮው ቀዳዳ። «ያንቺዋስ ምን ትሠራለች?»

ምን ልበል? ድልድይ ይታያል። ሆስፒታልም ይታያል። አመራር ምኑ ይታያል? እኔ ደግሞ ትምህርትን የማውቀው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ፊደል ጨርሼ ስሜን መጻፍ ስችል አባቴ በቃሽ ብለውኝ ቀረሁ። ስለዚህ ወሰንኩ። ለተብርሃንን አፏን የሚያስይዝ መልስ እስካገኝ ልጄ የምትማረውን ሁሉ እኔም እሰማለሁ!

ምንትዋብ ከዶርም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ምሳ ቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ ሳትውጥ በላቸው «እሺ፣ በዚህ ሳምንት ምን አስተማሩሽ?» ይላታል። ያ የቅዳሜ ምሳ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሦስታችን አንድ ትሪ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባን ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ «አመራር ማለት ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር ነው» አለች። እኔ «ይኼማ ቤት ይባላል» አልኳት። ሌላ ቅዳሜ ስለ ገበያ አመጣች። ሻጭ ገዢውን ከሌላው ሁሉ የተለየ እንደሆነ እንዲሰማው ማድረግ አለበት አለች። ጉሊት ላይ ያለችው የወሎዋ ዘይነባ «እናቴ፣ ይቺን ቲማቲም ላንቺ ብዬ ደብቄያት ነው» ትለኝ የለ? ለሁላችንም እንደምትደብቅ እያወቅን እንገዛለን። ለካ ይህም መጽሐፍ አለው!

ደግሞ አንድ ቀን የሰው ፍላጎት ደረጃ አለው አለች። ከታች ሆድ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ከዚያ ወዳጅ ዘመድ፣ ከዚያ በላይ ክብር። የታችኛው ሳይሞላ ሰው ወደ ላይኛው አይወጣም ይላል መጽሐፉን የጻፈው ፈረንጅ። እኔ እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ፈረንጁ እኛ ሰፈር አልመጣም። ሳይበላ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ስንት አለ! በእኛ አገር ክብር ከሆድ በታች ነው የሚነጠፈው። መጀመሪያ እሱ፣ ሌላው ከተረፈ።

በላቸውን የነካችው ግን የዋጋ ትምህርት ናት።

«አባዬ፣ የአንድ ነገር ዋጋ ማለት እሱን ስትመርጥ የተውከው ነገር ነው» አለችው።

በላቸው ጉርሻውን ይዞ አሰበ፣ አሰበና «እናትሽን ሳገባ የተውኳት አንዲት የሸኖ ልጅ ነበረች» አለ። «እንዲህ ከሆነማ ወጪዬ እሷ ናታ!»

«የሸኖ አውቶቡስ ዛሬም አለ» አልኩት። «ሂድና ወጪህን አስመልስ።»

ሳቅ አነቀው። ውሃ አቀበልኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በሰፈሩ የሴቶች እድር የጓዳ አዛዥ እኔ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ይደረድራሉ፣ ከዚያ ካርታ ይጫወታሉ። ሥራው የሴቶች ነው። ሽንኩርቱ፣ ምስሩ፣ ንፍሮው፣ ሳህኑ፣ ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ። ይህ ሁሉ በእኔ ነበር የሚሄደው። የትኛው ድስት ማን ቤት እንዳለ፣ የትኛዋ ሴት ከየትኛዋ ጋር አንድ ጉልቻ ላይ እንደማትቀመጥ፣ የማን ወጥ እንደሚያር፣ ሁሉም እዚህ አናቴ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ካህን ይጠራል፣ ቀጥሎ እኔ። ለዶክተርም እንዲህ አይሮጥም።

ምንትዋብ አራተኛ ዓመት ስትደርስ አንድ ድርጅት አጥንታ የሚሻሻለውን እንድታሻሽል ታዘዘች። ከዚያ ሁሉ ፋብሪካ፣ ከዚያ ሁሉ ባንክ የእኛን እድር መረጠች። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

መጀመሪያ ያመጣችው የሥራ ክፍፍል የሚባል ነው። እያንዳንዷ ሴት አንድ ሥራ ብቻ ትያዝ አለች። እሺ ብለን ለጽጌ ሽንኩርት ሰጠናት። ጽጌ ከጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ብቻ ስትከትፍ ዓይኗ ደም መሰለ። ለቀስተኛው ድንኳን ሊገባ ሲል እሷን እያየ «አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ» እያለ እቅፍ ያደርጋታል። ባል የሞተባት ሴት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አጽናኝ አጣች። ማታውን «ይቺ ጽጌ የምትባለው ለባሌ ምኑ ናት?» ብላ ጠየቀች አሉ። ሰው ትዳር ሊያፈርስ ነበር፤ ያውም ከሞተ በኋላ።

ምንትዋብ ግን አልተበገረችም። አንድ ቅዳሜ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ሳጥን ሳጥን ሥላ አመጣች። ከላይ አንድ ትልቅ ሳጥን።

«ይቺ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ቦታዬ እዚያ ነው። ከታች ያሉት ሳጥኖች ሁሉ መስመራቸው ወደ እኔ ይመጣል።

«አየሽ እማዬ፣ ሁሉም ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ችግሩ ይኼ ነው።»

«ምኑ ነው ችግሩ?»

«አንቺ ብትቀሪ እድሩ ይቆማል። ምክትል ያስፈልግሻል።»

«ልትቀብሪኝ ነው?» አልኳት። «ወተቴን ጠጥተሽ ያደግሽ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ መሞቻዬን እንድታቅጂ ነው?»

በላቸው ጣልቃ ገባ። «አስጌ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ልጅቷ ሌላ አላለችም።»

«ታዲያ ተረቱን ለማወቅ አራት ዓመት መማር ምን አስፈለጋት?»

ተኮራረፍን። ቅዳሜ ምሳ በየትሪያችን ተበላ። በመጨረሻ ልጅቷ አለቀሰች፤ ተሞክሮ ካልታየ ጥናቱ አያልፍም አለች። ለልጄ ዲግሪ ስል እሺ አልኩ። ለፈተናው ያህል ብቻ! ምክትሏስ ማን ናት? ምንትዋብ ሴቶቹን አንድ በአንድ አነጋግራ ነበር። ሁሉም አንድ ስም ጠሩ።

ለተብርሃን።

እኔ ለይስሙላ መስሎኝ ነበር። ለተብርሃን ግን ይስሙላ የሚባል ነገር አታውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በሞተ ቁጥር እንደ ጥላ ተከተለችኝ። «ለምን ምስሩን ቀድመሽ ጣድሽ?» «ለምን ጽጌንና ዘርፌን አራራቅሻቸው?» «ንፍሮው መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ?» አንድ ቀን መሮኝ «አንቺ ሴት፣ ሥልጣኔን ልትወርሺ ነው?» አልኳት። «እኔ ያንቺን ጭቅጭቅ ምን አደርገዋለሁ?» አለችኝና ንፍሮውን ቀመሰች።

እንዲህ እያልን በላቸው ሞተ።

አልታመመም። ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ ተነሳ፣ ልቤን አለ፣ ተቀመጠ። አውሮፕላን እያለፈ ነበር። ለእንግዶቹ ምንም አላለም።

እንግዲህ ሥርዓቱን ታውቃላችሁ። ሀዘን የገባበት ቤት ሴት ጓዳ አትገባም። ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ይለቀስላታል። እኔ በዚያ ሰፈር ስንት ሰው ስቀብር ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። የዚያን ቀን ምንትዋብ በአንድ ጎኔ፣ ጥቁር ለባሹ ሕዝብ በፊቴ። አፌን ለለቅሶ ከፈትኩ። ልቤ ግን ጓዳ ነው።

«ወይ በላቸው! ወይ የቤቴ ምሰሶ! ... ትልቁ ብረት ድስት ጽጌ ቤት ነው! ... ወይ ጋሻዬ! ... ምስሩ ይለቀም፣ ጠጠር አለው! ...»

ለቀስተኛው ጠጠር አለው ያልኩትን የኑሮ ምሬት መስሎት ባሰበት። እየተቀበለኝ አለቀሰ። እኔ ግን ዓይኔ ደረቅ ነው። እንባ እምቢ አለ። ምስር ሊያር ነው እያልኩ እንዴት ላልቅስ? ብድግ ልል ስል ምንትዋብ ቀሚሴን ያዘች። «እማዬ፣ ምክትል አለሽ» አለችኝ በለሆሳስ። ልጅቷ በእንባ ታጥባለች። እኔ አልሰማኋትም።

ያኔ ለተብርሃን መጣች። ሽርጧን ታጥቃ፣ እጇ እንደራሰ፣ ሕዝቡን ሰንጥቃ ፊቴ ቆመች።

«አሰገደች።»

«ምስሩ...»

«ተለቅሟል። ድስቱ መጥቷል። ጽጌና ዘርፌ ተራርቀዋል።» ከዚያ ጎንበስ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ሴት፣ ዛሬ ያ ሥራሽ አይደለም። ባልሽ ነው የሞተው። አልቅሺ።»

ተመልሳ ሄደች። ጓዳው ይሰማኛል። ድስት አልወደቀም፣ ሴት አልተጣላችም፣ ያረረ ነገር አልሸተተም። ማንም አልጠራኝም። አንድም ሰው! እንዴት እንደሚያናድድ አልነግራችሁም። ተቀመጥኩ። የምሠራው ነገር አጣሁ። ሲጠፋኝ ጊዜ የሸኖዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። የቅዳሜው ትሪ፣ ጉርሻውን ይዞ ማሰቡ፣ ሳቁ፣ ያቀበልኩት ውሃ። አንድ ቀን እንኳ የሸኖን አውቶቡስ አልተሳፈረም፤ እኔን መርጦ ኖረ። ያኔ ነው እንባው የመጣልኝ። ሰው ሁሉ ዝም እስኪል ድረስ አለቀስኩ። እስከ ሠልስቱ አለቀስኩ፤ ባል የሞተባት ሴት እንደሚገባት።

ምንትዋብ በዚያው ዓመት ተመረቀች። ጥቁሩን ካባ ለብሳ ፎቶ ስትነሳ ለተብርሃንን ጎትታ በመሃላችን አቆመቻት። የእኔ ፊት ለምን እንደተኮሳተረ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ፀሐይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እኔና ለተብርሃን ውይይት ታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ወደ መገናኛ እንሄዳለን። አንዲት የማናውቃት ሴት ልጇ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን እንደተመደበባት እያማረረች ነው። የእኔም ልጅ ያንኑ መጨረሷን ስትሰማ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ለመሆኑ በአራት ዓመት ምንድነው የሚያስተምሯቸው?»

እኔ መልሴን እያዘጋጀሁ ሳለ ለተብርሃን ቀደመችኝ።

«እናታቸውን ማስለቀስ» አለች።

ሴትየዋ ደነገጠች። ታክሲው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ፤ ስቆጣ ለማየት። ልቆጣ አሰብኩ። ከዚያ ሳስበው፣ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አላገኘሁም።

«እውነቷን ነው» አልኩ። «ምስሩ ግን ጨው አንሶት ነበር።»