በጨው ውሃ ያለፉት አዮ

የተማረ ሰው "መብራት አመጣልሃለሁ" ካለህ ቶሎ ብለህ ጨለማህን እቀፍ! ጨለማ ቢበዛ ከደረጃ ያዳልጥሃል። የተማረ ሰው ግን ያለ ጥይት፣ ያለ መርዝ፣ በጨው ውሃ ብቻ ደህና ሰው ይገድልልሃል። አጋነንክ ትለኝ ይሆናል… እሺ፣ ስማና ፍረድ።

ነቀምቴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። የምኖረው አዮ ጫልቱ ግቢ ተከራይቼ ነው። ("አዮ" በወለጋ እናትም፣ እናት የሚሆኑ ትልቅ ሴትም በአክብሮት የሚጠሩበት ነው።) ግቢው ውሃ አለው፣ ጎረቤቱ ሰላም ነው፣ አከራይቱ በሰው ጉዳይ አይገቡም። እንዲህ ያለ ቤት ያገኘ ተከራይ ለአከራዩ ጤና ከራሱ ጤና በፊት ይጸልያል።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው ናሆም ኬሚስትሪ ያስተምራል። ዶክትሬቱን ገና እየተማረ ነው፤ "ዶክተር" ሲሉት "አቤት" ማለቱን ግን ጨርሶ ተመርቆበታል። መብራት ጠፍቶ በሰነበተበት ሰሞን አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

"ከዚህ መብራት አወጣለሁ" አለኝ።

"ከድንጋይ?"

"ድንጋዩን እስኪሳሳ ድረስ ልጬ መልሼ እደራርበዋለሁ። በአንድ ወገኑ ጨዋማ ውሃ፣ በሌላው ንጹህ ውሃ አደርጋለሁ። ጨው ሲሟሟ አዮን የሚባሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ይሆናል። አዮኖቹ ወደ ንጹሁ ውሃ መሻገር ይፈልጋሉ፤ ድርብርቡ ግን አንዱን ዓይነት ያሳልፋል፣ ሌላውን ይመልሳል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከዚያ ነው።"

"መታወቂያ እያየ የሚያሳልፍ ኬላ በለኛ።"

"ወንዝ ከባህር በሚገናኝበት ሁሉ ይሠራል" አለ፣ ቀልዴን እንዳልሰማ ሆኖ።

"የኛ ዴዴሳ ከባህር የሚገናኘው እኮ ግብጽ ደርሶ ነው። ለማን ልታበራ ነው?"

ተቀየመኝ። ቅያሜው ግን መሞከሪያ እንዲሆነው የአዮ ጫልቱን መጋዘን እንድለምንለት ከመጠየቅ አላገደውም። እኔም ይሉኝታ ያዘኝና ለመንኩ።

አዮ ግራ ገባቸው። "ሶጊዳ ወጥ ውስጥ ሲገባ ነው የማውቀው" አሉ፣ ጨውን በቋንቋቸው ጠርተው። "መብራት ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?"

"ምርምር ነው፣ አዮ።"

"እሺ። ግን ያ ኢልማ፣ ስማኝ ልጄ፣ እዚህ ግቢ ነገር ካመጣ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።"

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ጨው ሁሉ ወደ መጋዘኑ ገባ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይላል ያገራችን ሰው። ናሆም ጨውም ድንጋይም አንድ ላይ ይዞ፣ ጣዕምም ብርሃንም አላገኘም። አምፖሉ እንደሆነ ዓይኑን አልገለጠም።

አንድ ቅዳሜ አዮ የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኡኬ ሄዱ። እኔ ትምህርት ቤት ማጠናከሪያ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ናሆም ነው። ሁለት እጁ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎታል።

"አዮኖቹ እያለፉ ነው!" ይላል፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

"ይለፉ እንግዲህ፣ እኔ ምን ላድርግ? ክፍል ውስጥ ነኝ" ብዬ ዘጋሁበት።

መጋዘኑ ግን ከባለሱቁ ከሸምሱ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ነው የሚለየው። ሸምሱ ስኳር እየመዘነ የሰማው ይህን ብቻ ነው፦ "አዮ… እያለፉ ነው።" ቀጥሎ ደግሞ የኔ ድምፅ፦ "ይለፉ እንግዲህ።" አማርኛችን ለብዙ ነገርም፣ ለአንድ ትልቅ ሰውም "አለፉ" ነው የሚለው። እኔ እያስተማርኩ የምበላበት ሰዋስው እንዲህ ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሸምሱ ሮጦ የመጋዘኑን በር መታ። "ዶክተር፣ ልግባ?"

"አትግባ። መጀመሪያ በደንብ ይለፉ" አለው የኛ ሊቅ።

ሰውየው ምን ይበል? አዮ ጋ ደወለ፤ መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ያላደረጉት ስልክ ዝግ ነው። ለእድሩ ተናገረ። አርጆ ላለችው ልጃቸው ለሌንሴም ደወለላት።

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ጥሩምባ ሰፈሩን ዞሮ ጨርሷል። አዮ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶባቸው ነው ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። ሸምሱ ግን ማልቀሴንም አላመነልኝም።

"'ይለፉ' አላልክም? በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ" አለኝ በሰው ፊት።

አፌን ሳልከፍት የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ናሆም እስከ ክንዱ በጨው ነጭቶ፣ ጥርሱ ሁሉ እየሳቀ ወጣ። ድንኳኑን አላየም። መሬትም አላየም። "አለፉ! አለፉ፣ በራ!" ብሎ ለቀስተኛው መሃል ገባ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ፤ እኔ በመሃል ባልገባ ያን ቀን እውነተኛ ሬሳ ይኖረን ነበር።

በዚህ ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ፤ አዮ ወረዱ።

ይኸውልህ፣ እኛ ዘንድ ድንኳን ያየ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። አዮም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ሸፍነው "ዋዮ፣ ዋዮ" እያሉ ገቡና ከሴቶቹ አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ደህና አድርገው ካለቀሱ በኋላ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ።

"ኤኙቱ ዱኤ? ማን ነው የሞተው?"

"አዮ ጫልቱ…" አለች ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች። ቀና ብላ አየቻቸው። አግዳሚው ተገለበጠ፤ ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ነን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለገዛ ለቅሶው መጥቶ ያለቀሰ ሰው ግን ከአዮ በፊት አላውቅም።

ናሆም ማስረዳት ጀመረ። "አዮን ማለት እኮ፣ አዮ…" እኔ እግሩን ረገጥኩት። አዮ በራ የተባለውን አሳየኝ አሉት። ምስር የምታክል አምፖል አመጣ። እሷም በበኩሏ ጠፍታለች።

እኔ በልቤ እቃዬን ማሰር ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ሌንሴ ከአርጆ ደረሰች። ፀጉሯን ፈታ፣ በባዶ እግሯ፣ እየጮኸች ገባች። እናቷን ቆመው ስታያቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። አዮ ራሷን እየደባበሱ ብዙ ቆዩ። ማንም አልሳቀም።

"ለፋሲካ ስጠራት መንገድ የለም አለች" አሉ አዮ፣ ለማንም ሳይሆን። "ስታመም ፈቃድ ከለከሉኝ አለች። ዛሬ መንገዱም ተገኘ፣ ፈቃዱም ተገኘ።"

ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። "አዮ፣ ይቅርታ… መቼ እንውጣ?"

"መውጣት የለም" አሉና ናሆምን በጣታቸው ጠሩት። "አንተ ልጅ፣ ለመስቀልም እንደዛሬው አንዴ አሳልፈኝ። የጊምቢው ልጄም ከመጣ ቆይቷል።"