ሆዱ የሚከፈት ካሜራ ፍለጋ

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ከጋብቻ ይከብዳል ባይ ነኝ። ለጋብቻ እንኳ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ የዘር ሐረግ ይቆጠራል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ግን ሻጩ «ብዙም አልተሠራበትም፣ ልጅ እንኳ አልነካውም» ይላል፤ ገዢውም እንዳላመነ ልቡ እያወቀ ያምናል። ቤት ደርሶ ሲፈታው የሰውዬው ጣጣ ሁሉ ከዕቃው ጋር ተጠቅልሎ መጥቷል። በሬ የገዛ ሰው የሁለት መንደር የድንበር ጠብ አብሮ ይገዛል። አልጋ የገዛ ሰው የማያውቃቸውን ባልና ሚስት ፍቺ ይሰማል። አዲስ ዕቃ ታሪክ የለውም። ለዚህ ይሆናል የሚወደደው።

ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። እኔ ይማም እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ፎቶ ቤት አለኝ። ስልክ የሰውን ኪስ ሁሉ ፎቶ ቤት ካደረገው ወዲህ የቀረልኝ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶና ሰርግ ነው። ሰርጉም ቢሆን ሙሽራው ከዓረብ አገር የመጣ እንደሆነ ካሜራውን ይዞት ይመጣል፣ ለእኔ የሚተርፈኝ ምግቡ ነው። እንዲህ ሥራ ፈትቼ ስልኬን ስጎረጉር ነው እንግዲህ ነገሩ የጀመረኝ።

የማላውቀው አገር ሰው ያነሳቸው ፎቶዎች ነበሩ። ዛፉ ነጭ፣ ሣሩ ነጭ፣ ሰማዩ የጠቆረ፣ ውሃው ደግሞ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። በረዶ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ በረዶ አይደለም፤ ቅጠል በእኛ ዓይን የማይታይ ብርሃን መልሶ ይረጫል፣ ኢንፍራሬድ ይሉታል። ካሜራ ይህን ብርሃን ማየት ይችላል። ፋብሪካው ግን እኛ እንደምናየው ብቻ እንዲያይ ብሎ ሆዱ ውስጥ አንዲት ቀጭን መከልከያ መስታወት አኑሮበታል። እሷን አውጥቶ ሌላ የተካ ሰው የማይታየውን ያነሳል። ታዲያ ሆዱ እንዲህ የተከፈተ ካሜራ ለሰው ሥራ አይመለስም። ለመታወቂያ አይሆንም፣ ለሰርግም አይሆንም፤ ሙሽራዋን ሰም አስመስሎ ነው የሚያወጣት።

የአምባሰልን ገደልና የሐይቃችንን ውሃ በዚህ ዓይን ማየት ተመኘሁ። ምኞት ደግሞ ካደረ አይለቅም። ለባለቤቴ ለሉባባ ነገሩን በዝርዝር አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «የሚታየውን አንስተህ ጨረስክ?» አለች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

እንጀራዬን የምበላበትን ካሜራ አልከፍተው ነገር። ስለዚህ የምፈልገው ቢበላሽ የማያስለቅስ፣ ርካሽ፣ ያገለገለ ካሜራ ነበር። ደሴ ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ጋ ያገኘሁት በመስታወቱ ውስጥ ሻጋታ አብቅሏል። ሌላው ጋ ያለው ደህና ነበር፣ ባለቤቱ ግን «ይሄ የዱባይ ነው» እያለ ከአዲሱ በላይ ዋጋ ጠራበት። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ አንዲት ልጇን የምትድር ሴት ስለ ፎቶ ልትነጋገር መጣችና በወሬ ወሬ፣ ድሮ በአርዲቦ ሐይቅ በኩል ሰርግ ሁሉ የሚያነሳው እንድሪስ የሚባል ሰው እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ካሜራው ሸህ ያሲን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚውል ነገረችኝ። የሚነካው የለም አለች። የማይነካ ካሜራ ርካሽ ነው ብዬ አሰብኩ። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ሸህ ያሲን በከተማችን እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሣጥናቸውን የማያውቅ የለም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ዕቃ ከተጣሉ ዕቃው እዚያ ገብቶ ይታሰራል፣ የሚፈታውም ሰዎቹ ሲታረቁ ነው። ገብቼ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ካሜራው የሁለት ወንድማማቾች እንደሆነ አስረዱኝ። ታላቁ ሰይድ ሳውዲ ሳለ ገዝቶ ልኮታል፤ ታናሹ እንድሪስ ሠርቶበታል። ሰይድ አምና ሲመለስ «ካሜራዬን» ብሎ መጣ፤ በአባታቸው ግቢ ዱላ ለመማዘዝ ሲደርሱ ጎረቤት ገብቶ ካሜራውን ወደ እሳቸው አመጣው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እሱን ከራሳቸው ስማው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ላይ ካስረከቡኝ አንድ ላይ ነው የምመልሰው» አሉኝ። «ያ ይማም፣ አምጣቸውና ካሜራውን ውሰድ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ካሜራ ልገዛ የሄድኩት ሰውዬ አስታራቂ ሆኜ ወጣሁ።

መጀመሪያ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ ሄድኩ፤ ሰይድ እዚያ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ጋሽ ይማም ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ። ስለ ካሜራው ሳነሳ ፊቱ ተለወጠ። በማንኛውም ዋጋ ይሸጥ፣ ድርሻዬን ለመስጊድ ስጡት፣ እኔ ግን ከእንድሪስ ጋር በአንድ ሰሌን አልቀመጥም አለ። ቀስ ብዬ ብጠይቀው ነገሩን ዘረገፈው። አባታቸው ታመው ሳሉ አሠሪው ፓስፖርቱን ይዞበት መምጣት አልቻለም። በደወለ ቁጥር እንድሪስ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይለዋል። በስልክ መልኩን አሳየኝ ሲለው ኔትወርክ የለም ይለዋል። አንድ ቀን እንድሪስ ራሱ ደወለለትና መሞታቸውን ነገረው። ሰይድ ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ ከመታመማቸው ወዲህ የተነሳ አንድ ፎቶ። አንድም አልነበረም።

«የሰው ሰርግ ሁሉ ያነሳ ካሜራ የእኔን አባት ፊት ማንሳት አቃተው» አለኝ። «እኔ የላክሁት ካሜራ፣ ጋሽ ይማም።»

አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩም ነገረኝ። ግዙፍ ነበሩ፤ የሞላ ኩንታል ብቻቸውን አንስተው አህያ ላይ የሚጭኑ። በመጨረሻ የሚያስታውሳቸው አስፋልቱ ድረስ ሸኝተውት ሻንጣውን በአንድ እጃቸው መኪና ላይ ሲወረውሩለት ነው። ይህን ሲናገር ሻጭነቱም ጥላቻውም ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። እኔም ስለ ዋጋ ላነሳ የነበረውን ዋጥኩት።

በሌላ ቀን በባጃጅ ወደ አርዲቦ ወረድኩ። እንድሪስ ሽንኩርቱን እየኮተኮተ አገኘሁት። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ይሸጥ፣ አልጠላም አለ። ስለ ፎቶው ስጠይቀው መኮትኮቱን ሳያቆም፣ ለአባቱ የገባው ቃል እንዳለ፣ ለሰይድ ካልሆነ ለማንም እንደማይናገረው፣ ሰይድ ደግሞ እንደማይሰማው ነገረኝ። ሰይድ ከተመለሰ ወዲህ አባታቸው የተቀበሩበትን ሥፍራ አንድ ቀን አለመርገጡንም የሰማሁት ከእሱ ነው። መቃብሩ ከእንድሪስ ቤት ጀርባ ነው፤ ወደዚያ ለመሄድ በወንድሙ ደጃፍ ማለፍ ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደተመላለስኩ ይቅር። በመስጊድ ሰዎች «አላህ ይስጥህ፣ ወንድማማች እያገናኘህ ነው አሉ» እያሉ ይመርቁኝ ጀመር። አሜን እያልኩ መሬት መሬት አየሁ። ልባቸው የሚያውቀው ዕርቁን ነው፤ የእኔን ልብ የሚያውቀው አላህ ነው።

በመጨረሻ ሁለቱም «ለመሸጡ ብቻ» ብለው እሺ አሉ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሸህ ያሲን ቤት ተቀመጥን። ሰይድ በአንዱ ጥግ፣ እንድሪስ በሌላው፣ ካሜራው በጨርቅ እንደተጠቀለለ መካከላችን ሰሌኑ ላይ። ሽማግሌው ፋቲሃ ቀሩና ወደ ታላቁ ዞሩ።

«ሰይድ፣ የፎቶውን ነገር ወንድምህን ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

ሰይድ በስልክ ያላለው ነገር እንደሌለ ተናገረ።

«መናገርህንማ አገር ሰምቷል። ጠይቀኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

ሰይድ ዓይኑን ከሰሌኑ ሳያነሳ «ለምን አላነሳኸውም?» አለ።

እንድሪስ ጥያቄውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነበር።

«እሱ ከለከለኝ። ካሜራውን ሳወጣ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ‹ሰይድ እንዲህ ሆኜ ካየኝ ሥራውን ጥሎ በበረሃም በባሕርም ብሎ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ይቀርብኛል፤ ደህና ነው በለው› አለ። እኔም ደህና ነው አልኩህ።»

«ከሞተስ ወዲያ? አትነግረኝም ነበር?»

«እንደደወልክ ስድብህ ይቀድመኝ ነበር። ደግሞስ ብነግርህ እዚያ ብቻህን ሆነህ ምን ታደርገዋለህ።»

ከደጅ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ሰይድ ለመጠየቅ የፈራውን ጠየቀ፦ «እንዴት ሆኖ ነበር?»

እንድሪስ ሁለት እጆቹን ሕፃን እንደሚታቀፍ ሰው ዘረጋቸው።

«ለሶላት ውዱእ ሊታጠብ እንዲህ አድርጌ ነበር የማወጣው። ብቻዬን። አልከበደኝም፣ ወንድም ጋሼ። አባባ አልከበደኝም።»

ሰይድ የተዘረጉትን እጆች አየ። ኩንታል የሚያነሱት አባቱ በእነዚያ እጆች ላይ ምን ያህል እንደሆኑ ያየ ይመስለኛል። ሽርጡን ወደ ፊቱ አነሳና አለቀሰ፤ እንደ ልጅ፣ ድምፁን ሳይከለክል። ሸህ ያሲን ወደ በሩ ዞሩለት። እንድሪስ ከጥጉ ተነስቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ መግቢያ አጣሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ገበያተኛ ሆኖ እንደ መቀመጥ የሚያሸማቅቅ ነገር አላውቅም።

ሰይድ ሲበርድለት «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እንድሪስም «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» አለ። ዱዓ ተደረገ። ለሟች ረዥም፣ ለቀሩት አጠር ያለ።

ሽማግሌው ያኔ እኔን አስታወሱኝ። «ያ ይማም፣ ያንተን ጉዳይ ረሳነው» አሉ። ሰይድም ካሜራውን ለምን እንደምፈልገው እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ እንደማያውቅ ትዝ አለውና ጠየቀኝ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰዓት ግን አፌ እምቢ አለ። ሆዱን ከፍቼ መስታወቱን እንደማወጣ፣ ዛፉን ነጭ ሰማዩን ጥቁር እንደሚያደርግ ነገርኳቸው።

እንድሪስ «የሰው መልክ አያነሳም ማለት ነው?» አለ።

«ያነሳል» አልኩ። «ሰውዬውን አይመስልም እንጂ።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። አንሸጥም ያለ የለም። በእኛ አገር እምቢታ ድምፅ የለውም፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰሌኑን መነካካት ሲጀምር ነገሩ አልቋል። እኔም ደሴ አንድ ያየሁት አለ፣ አይቸግረኝም ብዬ ራሴን አወጣሁ። ያ ያየሁት ሻጋታ ያበቀለው ነበር።

ወደ ሱቄ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ አንድ ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመ። ሁለቱ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንድሪስ ወረደና በጨርቁ እንደተጠቀለለ ካሜራውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ወደ አባታቸው መቃብር እየሄዱ ነው። ይዘውት ሊሄዱ አስበው ነበር፤ ሰይድ ግን ዛሬ ፎቶ አያስፈልግም፣ ዝም ብለን ቆመን እንምጣ ብሎታል።

«እስክንመለስ አደራ፣ ጋሽ ይማም» አለኝ። ባጃጁ ወደ አርዲቦ መንገድ ታጠፈ።

ስንት ሥፍራ ከተንከራተትኩለት ካሜራ ጋር ብቻችንን አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኘን። ትንንሾቹ መፍቻዎቼ አጠገቡ ተደርድረዋል። ሉባባ ብቅ አለችና ካሜራውን አየች፣ መፍቻዎቹን አየች፣ እኔን አየች።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት» አልኳት። «አደራ ነው።»

አደራ ደግሞ አይከፈትም። መፍቻዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። የውጩን አቧራ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁለት፣ ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ከበሩ ዳር ቁጭ ብዬ ባጃጁ የሚመለስበትን መንገድ ማየት ጀመርኩ።