ደብረ ሲና የሚድን፣ ሮቢት የሚሞት ስልክ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስልክ መጠገን የማያውቅ ሰው የለም። የሌለው የተጠገነ ስልክ ነው! አታምኑኝም? እንግዲያው የተበላሸ ስልክ ይዛችሁ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ተራመዱ። ባጃጅ ነጂው "ባትሪው ነው" ይላችኋል። ፀጉር አስተካካዩ "ኧረ ቻርጀሩ ነው!" ይላል። ማንጎ ሻጯ እንኳ "ሙቀት መትቶት ነው፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው" አለችኝ። ወደ እውነቱ የተጠጋችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ግን ማን ይሰማታል?

የእኔ ስልክ በጠራራ ቀትር ስክሪኑ ድርግም አለ። ይጠራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ግን ከሰል ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ገደል ግባ!" ብዬ እወረውረው ነበር። ይሄን ግን አልችልም፤ አባቴ ሊሞት ሰሞን "ስልክህን ክፈትልኝና አንተ ውጣ፤ ለአስቴር የምነግራት አለኝ" ብሎ ድምፁን የቀዳው በዚሁ ስልክ ነው። አስቴር ታናሽ እህቴ ናት። ዓረብ አገር ሆና ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ለሙት ዓመቱ ቅዳሜ ትገባለች። እኔም አደራ ነው ብዬ አልሰማሁትም። ልልክላት ሞክሬ ነበር... የእኛን ኔትወርክ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ውብሸት ጋ ሄድኩ። ውብሸት የከተማችን "ኢንጂነር" ነው፤ ማን እንደሾመው አይታወቅም። ስልኩን ሳይከፍት፣ ገልበጥ አድርጎ እንኳ ሳያይ፣

"ፍላሽ ይደረጋል፣ ጋሼ" አለኝ።

"ውስጡ ያለውስ?"

"እሱማ ይጠፋል። ስልኩ ግን አዲስ ይሆናል!"

ውሃ ውስጥ ለወደቀውም ፍላሽ፣ ድምፅ ለማያሰማውም ፍላሽ! ይሄ ሰው ሐኪም ቢሆን ኖሮ ሮቢት ውስጥ የገዛ ስሙን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም ነበር። "አንተ እንኳን ስልክ በረባሶም አትጠግን!" ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ሌላ ጠጋኝ ፍለጋ በሚኒባስ ደብረ ሲና ወጣሁ። ዳገቱን ጨርሰን ብርዱ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ... ስልኩ በራ! የማንም እጅ ሳይነካው! እናንተ ብትሆኑ የአባታችሁን ድምፅ ወዲያው ሌላ ስልክ ላይ ታስተላልፉት ነበር፣ አይደል? እኔ ግን ስድብ ቀደመብኝ። ለውብሸት ደወልኩና "ኢንጂነር! ፍላሽህን በጥብጠህ ጠጣው!" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በድል አድራጊነት ምሳዬን በልቼ ተመለስኩ። ቆላው ጋ ደርሼ ላቤ ሲንቆረቆር ስልኩም ጠፋ።

ዓርብ ያንኑ ዳገት እንደገና ወጣሁ። ስልኩ አሁንም በራ፤ እኔም አሁን ልብ ገዝቼ ጠጋኝ ፈለግኩ። ያገኘኋት ጋቢ የደረበች ዝምተኛ ወጣት ናት።

"ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይበራል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ሶፍትዌር አይደለም" ብላ ከፈተችው። ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የምታገናኝ፣ የምስር ክክ የምታህል ሶኬት አሳየችኝ። ባንድ ጎኗ ተነቅላለች። "ሙቀት ሲያገኛት ትነሳለች፣ ሲበርዳት ትቀመጣለች።" ቀና ብላ አየችኝና "ግን ሁለት ብሎን ጎድሏል። ይሄን የከፈተው ማነው?"

"ውብሸት የሚባል ደንቆሮ!"

እንግዲህ እናንተን መዋሸት አልችልም... የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አቧራውን ላራግፍ ብዬ፣ በሽንኩርት ቢላ። ስገጥመው የተረፉኝን ሁለት ብሎኖች "ትርፍ ናቸው" ብዬ ጣልኳቸው።

ልጅቷ ሶኬቷን አጽድታ በጥፍሯ ቀጭ አደረገቻት፤ እንዳትነሳ ስስ ስፖንጅ ደገፈችባትና ብሎኖቹን ተክታ ዘጋችው። አለቀ! ሮቢት ወርጄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ አስቴር መጣች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ... ሳቀች! ሳቋን ማቆም አቃታት።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ና ራስህ ስማው፣ ጋሼ" ብላ ድምፁን ለቀቀችው። አባቴ ከነሳሉ መጣ፦

"...ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፤ እሱ ዘንድ ጥፋት ሁሉ የሰው ነው። እኔ ስሞት 'ሐኪሙ ነው የገደለው' ማለቱ አይቀርም። አትስሚው። በጊዜ ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ዓመት ሙሉ በየለቅሶው፣ በየሰርጉ ያንን ሐኪም ስረግም ነው የከረምኩት። አስቴር ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

"ቀረጻው ልክ አይደለም" አልኳት። "ውብሸት ነክቶት ነው።"