አሥር ደቂቃ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር

በየሰፈሩ ውሃ የሚጠፋበት ቀን፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓትና ሳይጠየቅ «አትጨነቅ» የሚል አንድ ሰው አለ። ከሦስቱ አንዱንም ማስቀረት አይቻልም። ውሃውና መብራቱ እንኳ ሄደው ይመለሳሉ፤ ሰውየው ግን መጀመሪያውኑ አይሄድም። የቤት ኪራይ ተጨምሮብህ ስትወጣ በር ላይ ይጠብቅሃል። ከሐኪም ቤት ወረቀት ይዘህ ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ያይሃል። ፊትህን አንዴ አይቶ ምን እንደጎደለህ ያውቃል፤ የጎደለህ ደግሞ ሁልጊዜ እረፍት ነው።

ደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር መውጫ አጠገብ ያለው የእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ሲታደል ዋናው ደረሰው። ክቡር አቶ ይሁኔ፣ የጭንቀት ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ፣ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሊቀመንበር። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። «የዚህን አገር ግማሽ ሕዝብ ያስተኛሁት እኔ ነኝ» ይላሉ።

ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው የእኛ ከተማ ሰው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ፈልጎ ጀርባውን ይለጥፋል። ማንም ያስተማረው ነገር አይደለም። ጋሽ ይሁኔ ግን ልማዱን ሕክምና አደረጉት። ነገሩ የጀመረው ከሬዲዮ ነው። አንድ ሐኪም ስለ ጭንቀት ሲያስረዳ «ማንኛውም ሰው በቀን ቢያንስ አሥር ደቂቃ…» ከማለቱ መብራት ጠፋ። አሥር ደቂቃ ምን እንድናደርግ እንዳዘዘ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ይሁኔ ክፍተቱን በፀሐይ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከግድግዳው ሥር ይቆሙና የሚያልፈውን ሁሉ በከዘራቸው ያስቆማሉ።

«አሥር ደቂቃ ብቻ። የሚያሯሩጥህ የለም።»

የመቆሚያ ቦታም ይመደባል። መሃሉ፣ ድንጋዩ ቀድሞ የሚሞቅበት፣ ለከባድ ጭንቀት ነው፤ ዳር ዳሩ ለቀላል። ኪራይ የተጨመረበት ዳር ይቆማል። ልጁ ፈተና የወደቀበት ወደ መሃል ሁለት እርምጃ ይጠጋል። እኔን ያቆሙኝ መጨረሻው ጥግ ላይ፣ ከቦዩ አጠገብ ነበር። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ሌሊት ሳነብ እያደርኩ ዓይኔ ቀልቶ እንደምወጣ አይተዋል። «ያንተ ጭንቀት ከመጽሐፍ የመጣ ነው» አሉኝ። «ያላየኸው ሰው ሞተ ብለህ ታድራለህ። ተኛ።»

እናናየሁ ጉልት ላይ ድንች ትሸጣለች። አንድ ጠዋት ማዳበሪያዋን አዝላ ወደ ገበያ ስትሮጥ አስቆሟት።

«እናናየሁ፣ አሥር ደቂቃ።»

«ድንቼን ማን ይሸጥልኛል፣ ጋሼ?»

«ድንቹም ይሙቅ።»

«ድንች ሲሞቅ ይበቅላል እኮ።»

«ይብቀላ። የደረቅሽው አንቺ ነሽ።»

ተሳደበች፣ ሳቀች፣ ቆመች። አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነና የገበያውን ጥሩ ቦታ ሌላ ሴት ያዘችው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ በጀርባ መንገድ ዞራ አለፈች። በስምንተኛው ቀን ሳትጠራ መጥታ ቆመች። 

ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ከአንኮበር በኩል ተንከባሎ መጥቶ ከተማውን ይውጠዋል። ያኔም እንቆማለን። «ፀሐይዋ የት አለች?» ብዬ ብጠይቃቸው በከዘራቸው ወደ ነጩ ባዶ ጠቁመው «ከኋላው አለች» አሉኝ። ካፖርታችን ውሃ እስኪያንጠባጥብ ከኋላው ያለችውን ሞቅናት።

አበባው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ገበሬ ነው። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ ፍለጋ በእኛ በኩል ያልፋል። ባለፈው መስከረም መጀመሪያ ያስቆሙት ቀን ከጆሮዬ አልወጣም።

«ወንድሜ፣ ቀስ በል። የሚያሯሩጥህ የለም።»

አበባው ቆሞ አያቸው። ቁጣ አልነበረበትም።

«ነበረ እኮ፣ ጋሼ» አላቸው።

ከግድግዳው ሥር የነበረው ሁሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ይሁኔ ከቆሙበት ከመሃሉ ፈቀቅ አሉና ቦታውን ለቀቁለት። ለእሱ ያንን ንግግር ደግመው አያውቁም። «አሥር ደቂቃ» ብቻ ይሉታል፣ ቀስ ብለው።

መሃሉ የእሳቸው የነበረው በሥልጣን አይደለም። ልጃቸው አንተነህ የጭነት መኪና ረዳት ነው። በግንቦት መጀመሪያ የአንኮበርን ቁልቁለት ይዞ ወደ አሊዩ አምባ ወረደ። ማታ ደውሎ «ደርሻለሁ፣ ነገ እመለሳለሁ» አለ። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ አንተነህ ግን አልመጣም። ስልኩ አይጠራም። ሾፌሩንም መኪናውንም ያየ የለም። ጋሽ ይሁኔ ያልጠየቁት ጣቢያ፣ ያልገቡበት ሐኪም ቤት የለም።

የአንኮበር መንገድና ፀሐይ ወደ እኛ የሚመጡት ከአንድ አቅጣጫ ነው። ግድግዳው ሁለቱንም ያያል። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲደርስ ወሬ ይቋረጣል። ረዳቱ በሩን ሲከፍት ጋሽ ይሁኔ የሚወርደውን ሰው እግር እግሩን ያያሉ። ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ «እና ምን እያልን ነበር?» ይላሉ። እኛም ምን እያልን እንደነበር እንነግራቸዋለን።

እንቅልፍ የሚያዝዙት ለሰው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፅጌረዳ ቦኖ ውሃ ስንቀዳ ነግረውኛል። «ብርድ ልብሱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞ ያጥፋል። ሲነጋ ሄዶ ሰውን እረፉ ይላል።» ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ ጋሽ ይሁኔ አልመጡም።

«አሟቸው ይሆናል» አለች እናናየሁ።

«ይሁኔ በጉንፋን አይቀርም» አሉ አባባ ወልደ ሰንበት። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ከግድግዳው የማይጠፉ ሽማግሌ ናቸው።

ሚኒባሱ መጣ። የሚያይ ስላልነበረ እኛው አየን። አንተነህ አልነበረበትም።

«እንሂድና እናምጣቸው» አልኩ። ሐሳቡ የእኔ እንደነበር መደበቅ አልችልም።

«ይሻላል፤ አሥር ደቂቃቸው ሊያልፍ ነው» አለ አበባው። ሲቀልድ መጀመሪያ የሰማነው ያን ጊዜ ነው፤ ሁላችንንም ደስ አለን።

ሰባት ሆነን ሄድን። ለክብር አባባ ወልደ ሰንበትን አስቀደምን። ብርዱ ስለጸና ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን አፋችንን ዘጋን። በሩ ጋ ስንደርስ «ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ፣ እንዳይደነግጡ» አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ፅጌረዳ በሩን ከፈቱ። እጃቸው ላይ ጆግ ነበር። መጀመሪያ አባባ ወልደ ሰንበትን አዩ፤ ከዚያ ከኋላቸው ያለነውን አንድ በአንድ። ጆጉን አልጣሉትም፤ ጎንበስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈቱ።

«ይሁኔ» አሉ ወደ ውስጥ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ተነሥ። መጥተዋል።»

ራሳችንን ያየነው ያኔ ነው። በማለዳ፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ሳይናገሩ ሰው ደጃፍ የሚቆሙ ጎረቤቶች የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ መርዶ ሊነግሩ። መክረን ብንነሣ እንኳ እንዲህ አሟልተን አንሠራውም ነበር።

ጋሽ ይሁኔ በካልሲ ወጡ። ጉንጫቸው ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል። በከዘራቸው ያስቆሙንን ሁላችንን አንድ ጊዜ አዩን።

«የት ተገኘ?» አሉ።

አባባ ወልደ ሰንበት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ነገሩ እውነት እየሆነ ሄደ።

«አልተገኘም» አልኩ። ካሉት መልሶች ሁሉ መጥፎውን መረጥኩ። «ማለቴ፣ ለዚያ አይደለም የመጣነው፣ ጋሼ። ከፀሐይ ቀሩብን ብለን ነው።»

«ከፀሐይ?»

«አዎ።»

«ሌላ ወሬ የለም?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እናናየሁ ሄዳ የእትዬ ፅጌረዳን ሻሽ መልሳ አሰረችላቸው።

«ተኝቶ ነበር እኮ» አሉ እትዬ ፅጌረዳ። «በስምንት ወር ዛሬ ገና ተኛ። እንዳይነቃ ብዬ እሳት እንኳ አልለኮስኩም።»

በስምንት ወር አንዴ የመጣውን እንቅልፍ ሰባት ሆነን፣ በፍቅር፣ ሄደን ቀሰቀስነው።

ቁጣቸው የመጣው ዘግይቶ ነው። «ሰባት ሆናችሁ» አሉ። «ጋቢ ለብሳችሁ። ሽማግሌ አስቀድማችሁ። ከመሃላችሁ አንድ የሚስቅ ሰው አጣችሁ?»

ጋቢያችንን ከአፋችን ላይ ገለጥን።

«ወልደ ሰንበት፣ አንተስ? ይህን ሁሉ ዕድሜ ምን ስትሠራበት ኖርክ?»

«ብርዱ ነው፣ ይሁኔ» አሉ አባባ ወልደ ሰንበት። «አፌን ያዘኝ።»

ጋሽ ይሁኔ አዩዋቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም፤ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። ያን ጠዋት ወደ ግድግዳው የተመለሰ የለም። ፀሐይዋ አጥሩን ተሻግራ እስክትመጣ እዚያው ደጃፉ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥን። ሰዓት ያየ አልነበረም። አበባው የዚያ ቀን ሥራ አመለጠው፤ ልጆቹ ምን በልተው እንዳደሩ አልጠየቅነውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለን። ጋሽ ይሁኔ ሲዘገዩ አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል፤ ጋቢ ሳይለብስ፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ጮክ ብሎ እየዘፈነ። ሐሳቡ የእኔ ስለነበር ቅጣቱም የእኔ ሆነ። ለሰው ሰላምታ መስጠት የሚከብደኝ እኔ፣ በዚያ ውርጭ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ የሠርግ ዘፈን እየዘፈንኩ በሰው አጥር ሥር አልፋለሁ። ውሾቹ ለምደውኛል። በሩ ጋ ስደርስ «ጋሽ ይሁኔ፣ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሌላ ወሬ የለም» እላለሁ።

አንተነህ አልመጣም። ሚኒባሱ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ የሚወርደውን እግር አሁን ሁላችንም እናያለን። ብዙውን ቀን ጋሽ ይሁኔ ቀድመውኝ ከግድግዳው ሥር ቆመው አገኛቸዋለሁ። ዓይናቸው ከእኔ ዓይን ብሶ ቀልቷል። አንዳንድ ጠዋት ግን፣ በወር አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ዘፍኜ በራቸው ላይ ስደርስ ከብርድ ልብስ ሥር የታፈነ ድምፅ ይመልስልኛል።

«አሥር ደቂቃ ብቻ።»

ያኔ ዘፈኔን አቋርጬ አጥሩን ተደግፌ እቆማለሁ። የሚያሯሩጠኝ የለም።