ያልገደፈው ቀሚስ

ሰው ሲለካ ትንፋሹን የሚይዘው ለምንድን ነው? እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ሜትሩ ገና ወገብ ላይ ሳያርፍ ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደረት ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊት ይቀላል። ማንን ለማታለል ነው? እኔን ከሆነ እኔ ምንም አልልም። ሜትሩን ከሆነ ሜትር አይታለልም። ልብሱን ለብሶ የሚውለው ደግሞ ያው መተንፈስ ያለበት ሰው ነው።

ይህን የታዘብኩት ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ እትዬ መሪማ ልብስ ስፌት ቤት ነው። እትዬ መሪማ ሞድ ታውቃለች። ጨርቅ ለመግዛት አዲስ አበባ ስትሄድ የሴቶቹን ቀሚስ በዓይኗ ለክታ ትመለሳለች፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ቀሚስ ሰበታ ገበያ መሀል ሲሄድ ይታያል። ስትቀጥረኝ አንቱ ብላት «ገና ሳላረጅ አታስረጂኝ!» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። በልቤ ግን አንቱ ናት።

የእኔ ችግር አፌ ነው። እጄ ይታዘዘኛል፤ አፌ ግን ሰው ፊት ሲሆን እንደ ዛገ መቀስ አልከፈት ይላል። እቤት «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ስሰማ ስላደግሁ ይሆን? ዝምታን እንደ እህል ጎተራ ሙሉ አከማችቼ ነበር። እትዬ መሪማ ይህን ተረት ስነግራት «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውንስ ማን ይስማላችሁ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ደንበኛ እየለካሁ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትሰማለች። መኪናው አሮጌ ስለሆነ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ትንሽ አቁሚልኝ ብላት «አንቺ ከፍ በይ እንጂ እሱ ዝቅ አይልም» አለችኝ። የመጀመሪያ ሰሞን አንዱን ቁጥር ደጋግሜ ጠርቼ ደንበኛዋ ራሷ ጮኻ አሰማችልኝ።

አባቴ ግን ተስፋ ቆርጦ ነበር። የፋብሪካ ዘበኛ ስለሆነ መፈተሽ ልማዱ ነው፤ እኔንም ፈትሾ አፍ እንደሌለኝ ደርሶበታል። «ልብስ መስፋት ከሰው ጋር መነጋገር ነው። አንቺ ሱሉልታ አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ቅቤ ብትሸጪ ይሻላል። ቅቤ ሻጭ ብዙ መናገር የለባትም፤ ሽታው ይናገርላታል» አለኝ። እንጦጦን ተሻግሮ ያለውን ብርድ እንኳ እችለዋለሁ። ግን መርፌና ጨርቅ ከእጄ ሊወጣ? እጄ ገና መቁረጥ መጀመሩ ነው። አባቴን ልለምነው ፈለግሁ። አልወጣልኝም።

እትዬ መሪማ እቤታችን ድረስ መጣች። «የኦቦ ደበላ ልጅ ሠርግ እስኪያልፍ ይታገሱኝ» አለችው። «የሙሽራዋን እናት ቀሚስ ብዙነሽ ቆርጣ ብዙነሽ ትሰፋዋለች። ካሳፈረችዎ ይውሰዷት።» አባቴ ተስማማ። ብዙነሽ የተባልኩትን እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?

የሙሽራዋ እናት አዴ ጫልቱ ወርቅ የሆኑ ሴት ናቸው፤ በጾም ግን አይቀልዱም። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሊለኩ የመጡት ሆሳዕና ሲቃረብ ነው፤ መቀነታቸው ዞሮ ዞሮ ጫፉ መሬት ሊነካ ደርሷል። አማቾቻቸው አዲስ አበቤዎች ስለሆኑ፣ እንደ ከተማ ሴት ወገቡ ላይ ልክክ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ አሰኛቸው። ለካሁ፣ ቁጥሩን ጠራሁ። እትዬ መሪማ ይህን ጊዜ መኪናዋን በገዛ እጇ አቆመች።

አዴ ጫልቱ ሲወጡ፣ «ስሚ፣ ክርስቲያን በጾም ሲለካ የሚመጣው ግማሹ ነው» አለችኝ። «ሌላው ግማሽ ለፋሲካ ይመጣል።»

«አንቺ ሙስሊም ሆነሽ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ፋሲካን የማውቀው በወገባችሁ ነው!»

ስለዚህ ትርፉን ጨርቅ ሳልቆርጥ በስፌቱ ውስጥ አጥፌ እንድተወው መከረችኝ። እኔም እንዳለችው አደረግሁ። አዴ ጫልቱ በሰሞነ ሕማማት ሊሞክሩት መጡ። መስተዋት ፊት ዞር ዞር አሉና «አጥብቂው ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ትልቅ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? አጠበብኩት። «ትንሽ ደግሞ» አሉኝ። አሁንም አጠበብኩት። እትዬ መሪማ ይህን ሁሉ አየችና፣ «አጥብቂላቸው፤ መቀሱን ግን ለእኔ ስጪኝ» ብላ መቀሱን ከፊቴ አነሳች።

ፋሲካ ሆነ። ዶሮው መጣ፣ ቅቤ የጠጣው የገብስ ጩኮ መጣ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ «አብረን እንቅመስ» አለ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት አንዲት ልጅ እያለከለከች ስፌት ቤታችን ገባች። «ኑ ቶሎ! አዴ ጫልቱ ቀሚሱ ውስጥ ተይዘው ቀርተዋል!»

ስንደርስ እውነትም ተይዘዋል። ቀሚሱ ዳሌያቸው ላይ ሲደርስ አልወጣም፣ አልወርድም ብሏል። አማቾች ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ጓዳው ሙሉ ሴት ነው። የኦቦ ደበላ እህት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ድሮስ ለልጅ እንዲህ ያለ ጨርቅ ይሰጣል? ሱሉልታ ቅቤ ትሽጥ የተባለችው ይቺ አይደለች?» አለች። አባቴ ደጅ ዳሱ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል። ሁሉንም እንደሚሰማ አውቄአለሁ።

ሁሉም ወደ እትዬ መሪማ ዞረ። እኔም ዞርኩ፤ አንድ ነገር ብላ ታወጣኛለች ብዬ። እሷ ዱካ ስባ ተቀመጠችና «የሰፋችው ብዙነሽ ናት፤ እሷን ጠይቋት» አለች። እንዲህ ያለ ጭካኔ ታውቃላችሁ? ወዳጄ ያልኳት ሰው! ለአንድ አፍታ የሱሉልታ ብርድ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ።

ምን ልበል? ጠጥተው በልተው ነው እንዳልል እናቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አጥብቂው ያሉት እርስዎ ነዎት እንዳልል ደግሞ ሠርጋቸው ነው። የስፌት መኪናው ጆሮዬ ላይ የሚያጓራ መሰለኝና ሳላስበው ጮክ ብዬ፣

«እማማ፣ እርስዎ ገደፉ እንጂ ቀሚሱ ገና አልገደፈም!» አልኩ።

ከዚያ አዴ ጫልቱ ሳቁ። ሲስቁ ስፌቱ ጎናቸው ላይ ጠሽ ብሎ ተተረተረ፤ ይሄኔ ሴቱ ሁሉ ተንከተከተ። «በሉ ይግደፋ! እሱስ ምን አጠፋ!» አሉ አዴ ጫልቱ እንባቸውን እየጠረጉ። ቀሚሱን ተቀበልኩና የታጠፈውን ጨርቅ በሁለቱም ጎን ፈታሁት። እትዬ መሪማ ከዱካዋ ወርዳ እግሬ ስር ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ሴት እያየ፣ እሷ አለቃዬ መርፌ ላይ ክር እየሰካች ታቀብለኝ ጀመር። የኦቦ ደበላን እህት ዞራ እንኳ አላየቻትም።

አማቾች ሲገቡ አዴ ጫልቱ ልክክ ባለ ሰማያዊ ቀሚስ ተቀበሏቸው። ደጅ ደግሞ ኦቦ ደበላ አባቴን «ልጅህ አፍ አላት እኮ!» አሉት። አባቴም «የእኔዋ? የሌላ ሰው ልጅ ትሆናለች» አለ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሱሉልታ በቤታችን ተነስታ አታውቅም።

ታዲያ ውለታ እንዴት ይመለሳል? ክረምቱ ወጥቶ ረመዳን ሲገባ አባቴ ጨርቅ ገዛልኝና ለእትዬ መሪማ የዒድ ቀሚስ ልሰፋላት ተነሳሁ። በጾሙ መሀል ለካኋት። ያስተማረችኝን የምረሳ አይደለሁ፤ ለዒድ ብዬ ጨመርኩ። ውለታዋንም አሰብኩና ደግሜ ጨመርኩ።

የዒድ ጠዋት ለበሰችው። ሁለት መሪማ ይዞ ቦታ ይተርፈዋል።

«ምነው ልጄ?» አለች እጅጌውን እየፈለገች። «እኛ እኮ ሌሊት ሌሊት እንካሳለን! ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ቴምሩ! እኔማ የምወፍረው በረመዳን ነው!»

ለካስ የለካኋት በወፈረችበት ሰሞን ነበር! በሀፍረት መሬቱ ይዋጠኝ ብዬ መቀስ ላመጣ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። እንዳትነኪው አለች። ያንን ድንኳን ለብሳ ለሶላት ሄደች፣ ለብሳው ጎረቤት ዞረች። ምነው ሰፋ ላላት ሁሉ «ብዙነሽ ናት የሰፋችልኝ፤ ሞድ ነው! አዲስ አበባ አትገቡም እንዴ?» እያለች ዋለች።

አሁን ሰበታ ውስጥ ጠባብ ቀሚስ የሚያዝ ጠፍቷል። ትናንት አዴ ጫልቱ እንደ መሪማ ያለ ሰፊ ይሁንልኝ ብለው መጡ። ስለካቸውም «እንዲህ ያለ ሞድ መኖሩን እያወቅሽ ነው በልጄ ሠርግ ትንፋሼን ያስያዝሽኝ?» ብለው ክፉኛ ተቆጡኝ። እትዬ መሪማ መኪናዋን እየረገጠች «እውነትዎን ነው፣ እኔም ስመክራት አትሰማም» አለች።