ሜቭ በስንት ፊደል ይጻፋል?

በአየርላንድ፣ የገዛ ስምህን በሰላም እንድትጽፍ የማይተውህ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ የባንትሪው ክቡር አቶ ፊንባር ዶሄኒ ናቸው፤ አርባ አንድ ዓመት ፖስታ አድለው ጡረታ የወጡ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ስም ከነፊደሉ በቃላቸው የያዙ ሊቅ። "በትክክሉ ከሆነ…" ብለው ከጀመሩ፣ የያዝከውን ዕቃ መሬት ብታስቀምጥ ይሻልሃል።

ከስም ሁሉ የሚብስባቸው ሜቭ ነው። በጥንቱ የአይሪሽ አጻጻፍ በላቲን ፊደል አራት ፊደል፣ ቀጥሎ በመጣው ሰባት፣ በዛሬው አምስት ነው። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ገብተው ለአንዲት ሕፃን ልደት የታዘዘ፣ ሜቭ ተብሎ የተጻፈበት ኬክ አዩና፣ ከሰባቱ ሁለቱ ፊደላት የት እንደገቡ ሻጯን ጠየቋት።

"ኬኩ አልበቃ ብሎ ነው፣ አቶ ፊንባር" አለቻቸው።

ሰፋ ያለ ኬክ እንድትጋግር መክረዋት ወጡ።

የጎረቤታችን ልጅ በዚሁ ስም ክርስትና ስትነሣ ደግሞ፣ ቄሱ ውሃውን እንደያዙ አቶ ፊንባር ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሜቭ ማለት "የምታሰክር" ማለት እንደሆነ፣ ከጠጅ ጋር አንድ ሥር እንዳለው፣ በጥንት ተረት ያለችው የምዕራብ አየርላንዷ የኮናክት ንግሥትም በዚሁ እንደምትጠራ አስረዱ። መጠጥ ቀምሳ የማታውቀው የሕፃኗ አያት እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም።

እናቴ ሺላ አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ስሟ ሜቭ። እናታቸው ስትሞት የስምንት ወሯን ሕፃን ሌሎች ሰዎች ወስደው አሳደጓት። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ስትንከራተት፣ በዚህ ስም የተመዘገበች የለችም እያሉ መለሷት። ለአቶ ፊንባር እንዳትነግራቸው የለመንኳት እኔ ነኝ። ሐዘኗን የፊደል ትምህርት እንዳያደርጉባት ፈርቼ ነበር።

ነገረቻቸው። አንድም ጊዜ ሳያቋርጧት ሰሟት። ከዚያ የድሮ ጸሐፊዎች የአይሪሽ ስም ሲሰሙ በእንግሊዝ ስም እየለወጡ ይመዘግቡ እንደነበር፣ ሜቭንም አንዴ ማብል፣ አንዴ ሞድ፣ አንዴ ማጅ ያደርጓት እንደነበር ገለጹላት። ለሃያ ሦስት ደብሮች በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። በስድስተኛው ሳምንት ከወተርፎርድ አውራጃ መልስ መጣ። ስሟ ማጅ ተብሎ ተጽፏል፤ የልደት ቀኗ ያው ነው፤ በሕይወት አለች፤ የምትኖረውም ዱንጋርቫን ነው።

በራሳቸው መኪና ወሰዱን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ እናቴ ወደ አቶ ፊንባር ዞረች።

"ምን ብዬ ልጥራት፣ ፊንባር? ሜቭ ልበላት ወይስ ማጅ?"

አቶ ፊንባር "በትክክሉ ከሆነ…" ብለው ጀመሩና ተዉት። ቀስ ብለው፣ "አቤት በምትልበት ጥሪያት" አሏት።

በሩን የከፈተችው ሴትዮ ቁርጥ እናቴን ነበረች። ማንም የማንንም ስም አልጠራም። ተቃቅፈው ገቡ። እኔም ልከተላቸው ስል አቶ ፊንባር ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው መለሱኝ።

ውጭው እየዘነበ፣ መኪናው ውስጥ ለሦስት ሰዓት ጠበቅናቸው። እሳቸውም ጎብነት የሚለውን የእኔን ስም አመጣጥ፣ ስንት ጊዜ ስንት ዓይነት እንደተጻፈ አንድ በአንድ ሲተርኩልኝ ቆዩ። ደክሟቸው ሊያቆሙ ሲሉ፣

"እሺ፣ ከዚያስ?" አልኳቸው።